ሰላዩ ሶርጌና የገባባቸው ቤቶች

የስለላ ፊልም ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ ቶሎ የሚመጣው መኪና ሲገለበጥ፣ ሽጉጥ ሲተኮስና ዋናው ሰውዬ ከጣራ ጣራ ሲዘል ነው። እኔም ከዚያ የተለየ ነገር አልጠብቅም ነበር። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ማሳሂሮ ሺኖዳ በ2003 ያወጣውን «ስፓይ ሶርጌ» የተባለ ፊልም ያየሁ ቀን ግን ግራ ገባኝ። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከተኩሱ ይልቅ ንግግሩ ይበዛል። ሰዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ እያወሩ ይዋሻሉ። አብረውኝ ማየት ከጀመሩት ልጆች ግማሾቹ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላም የሰውየውን እውነተኛ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩና እስካሁን አልለቀቀኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። (ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪቻርድ ሶርጌ የተወለደው ጥቅምት 4 ቀን 1895 በባኩ አቅራቢያ፣ ሳቡንቺ በምትባል የነዳጅ መንደር ነው። ባኩ ያኔ በሩሲያው ዛር ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ በነዳጅ ቁፋሮ ሥራ የሄደ ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ እናቱ ደግሞ ኒና ኮቤሌቫ የተባለች ሩሲያዊት ነበረች። ልጁ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ በርሊን ተመለሰ። እንግዲህ ገና ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ ነበረው ማለት ነው። የአያቱ ወንድም ፍሪድሪክ አዶልፍ ሶርጌ የካርል ማርክስ የቅርብ ባልደረባ ነበር፤ አባቱ ግን የለየለት የጀርመን ንጉሣዊ መንግሥት ደጋፊ ነበር። ልጁ በአባቱ ቤት አድጎ በአያቱ ወንድም መንገድ ሄደ።

የሄደው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ትምህርቱን ጥሎ በፈቃዱ ዘመተ። ቆሰለ፣ ዳነ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ቆሰለ። በ1916 የመድፍ ፍንጣሪ ሁለት እግሮቹን ሰበረው፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር። የብረት መስቀል ኒሻን ተሰጠው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንዲት አስታማሚና ሐኪም አባቷ የሶሻሊስት መጻሕፍት እያመጡ ያስነብቡት ጀመር። ከአልጋው ሲነሳ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሳ። በ1919 ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ዶክትሬቱን አገኘ፤ በዚያው ዓመት የጀርመን ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ።

አሁን ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ወደሚመስለኝ ነገር ልምጣ። ሶርጌ ኪል በሚባለው የባሕር ከተማ ሲማር ኩርት ጌርላክ የተባለ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ይወደው ነበር። ፕሮፌሰሩ ቤቱን ለተማሪዎቹ ክፍት ያደረገ፣ ሻይ አፍልቶ ስለ ለውጥ የሚያወራ ሰው ነው። ሶርጌ እዚያ ቤት እየተመላለሰ የፕሮፌሰሩን ሚስት ክርስቲያነን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ትዳሯን ፈታ በ1921 ሶርጌን አገባች። የሚገርመው፣ ሰዎቹ ብዙም አልተጣሉም ይባላል። እንግዲህ የባልየው ወዳጅ ሆኖ በፊት በር መግባት፣ መወደድ፣ ከዚያ የቤቱን ምስጢር ይዞ መውጣት፤ ይህን ሰውየው ሰላይ ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት አውቆበታል። ያኔ ተንኮል አልነበረበትም፤ ፍቅር ነበር። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያንኑ መንገድ ሲደግመው ግን ሥራው ሆኗል።

በ1924 የጀርመን ኮሙኒስቶች ፍራንክፈርት ላይ ጉባኤ አደረጉ። ከሞስኮ በድብቅ የመጡትን እንግዶች እንዲጠብቅና እንዲያስተናግድ የተመደበው ሶርጌ ነበር። እንግዶቹ ወደዱትና ሞስኮ ጠሩት። ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሄዱ። እሷ አገሩ አልተስማማትም፤ በ1926 ጥላው ተመለሰች። እሱ በኮሚንተርን፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የኮሙኒስቶች ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በ1929 ወደ ቀይ ጦር የስለላ ክፍል ተዛወረ። አለቃው ያን ቤርዚን ይባል ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ግዳጁ ሻንጋይ ነበር፤ ከ1930 እስከ 1932 መጨረሻ። ሽፋኑ የጀርመን የእህል ጋዜጣ ዘጋቢነት ነው። ማን የእህል ዋጋ የሚጽፍ ሰው ይጠረጥራል! እዚያ አሜሪካዊቷን ጸሐፊ አግነስ ስሜድሊን ተዋወቀ፤ እሷ ደግሞ ሆትሱሚ ኦዛኪ ከሚባል የአሳሂ ጋዜጣ ወኪል ጋር አገናኘችው። ኦዛኪ ቁጥብ፣ ጨዋ፣ ቻይናን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጃፓናዊ ነው። የጃፓን ሠራዊት ቻይና ላይ የሚያደርገውን እያየ አንጀቱ ያረረ ሰው ነበር። ሶርጌ ከዚህ ሰው ጋር የመሠረተው ወዳጅነት ሁለቱንም በአንድ ቀን እስከ ገመድ አደረሳቸው።

ሶርጌ ሞስኮ ሲመለስ ካትያ ማክሲሞቫን አገባ። ካትያን ቀድሞም ያውቃታል፤ ሩሲያኛ ያስተማረችው እሷ ነች። እዚህ ላይ ለእኛ ለቲያትር ተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። ካትያ ሌኒንግራድ ውስጥ ትወና የተማረች ሴት ነበረች። ከዚያ መድረኩን ትታ ሞስኮ ፋብሪካ ገባች። ትወና ያልተማረው ባሏ ግን ከ1933 ጀምሮ ለስምንት ዓመት አንድም ቀን ከመድረክ ሳይወርድ ሲተውን ኖረ። ከጋብቻው በኋላ አብረው የኖሩት ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። በ1935 ለአጭር ጊዜ ሞስኮ መጥቶ አያት፤ ከዚያ በኋላ ዳግም አልተያዩም። ደብዳቤው በመልእክተኛ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ በወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ባሏ የት እንዳለ በትክክል አታውቅም። ይመለሳል እየተባለ ዓመቱ ይገፋል።

በ1933 ጸደይና በጋ ሶርጌ በርሊን ነበር። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ወራት ብቻ ነው የሆነው፤ ኮሙኒስት እየታደነ ይታሰራል። እሱ ግን የናዚ ፓርቲ አባል ለመሆን አመለከተ! አባልነቱም ጸደቀለት። በሃያዎቹ የእድሜ ዘመኑ በኮሙኒስትነት ስሙ ተጽፎ የነበረን ሰው ፖሊስ መዝገቡን አገላብጦ አለማየቱ እስከ ዛሬ የሚያስገርም ነው። ከበርሊን ወደ ቶኪዮ የሚያስተዋውቁት ደብዳቤዎች አሰባሰበ። ከነዚህ አንዱ ጃፓን ሠራዊት ውስጥ ለልምድ ልውውጥ ተመድቦ ለነበረው ሌተና ኮሎኔል ኦይገን ኦት የተጻፈ ነው። መስከረም 1933 ዮኮሃማ ወደብ ሲደርስ ጋዜጠኛ ነበር፤ በኋላም ፍራንክፉርተር ጻይቱንግ ለሚባለው ታላቅ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። በምስጢር ስሙ ግን ራምዜይ ነው።

ኦት ከጦርነቱ የተረፈ ወታደር ነው፤ ሶርጌም እንደዚያው። ባሩድ ያሸተቱ ሰዎች ቶሎ ይግባባሉ። ሶርጌ ስለ ጃፓን ብዙ አንብቧል፤ ቤቱ ከሺህ በላይ መጻሕፍት ነበሩ። ኦት ደግሞ ለበርሊን ሪፖርት መጻፍ አለበት፤ ሶርጌ ይረዳዋል። ኦት በ1934 ወታደራዊ አታሼ ሆነ፤ በ1938 ደግሞ አምባሳደር። ወደላይ ሲወጣ ሶርጌን ይዞት ወጣ ቢባል ይሻላል። ኤምባሲው ውስጥ መሥሪያ ቦታ ሰጠው፣ የኤምባሲውን የዜና መጽሔት እንዲያዘጋጅ አደረገው፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ አብረው እየበሉ ከበርሊን የመጣውን ቴሌግራም ያማክረው ነበር። ሶርጌ ሰነድ መስረቅ አላስፈለገውም። ሰነዱን ባለቤቱ ራሱ አንስቶ ይሰጠው ነበር። አንዳንዱን እዚያው ኤምባሲው ውስጥ ፎቶ እያነሳ ይወጣል።

የኦት ሚስት ሄልማ ትባላለች። ሶርጌ ከእሷም ጋር ነበር። ኦት ነገሩን አውቆ እንዳላወቀ ዝም እንዳለ የሚጽፉ አሉ። እኔ ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሰላዩ አይደለም፤ ስለ ባልየው ነው። አንድ ሰው ሚስቱን እንደወሰደበት እያወቀ ወዳጁን ቁርስ ይጋብዛል? ወይ በጣም ይወደው ነበር፣ ወይ ያለእሱ ሪፖርት መጻፍ አይችልም ነበር፣ ወይ ሁለቱም። ኪል ከተማ የነበረው ፕሮፌሰርም ትዝ ይለኛል። በ1941 ደግሞ ኤምባሲው ውስጥ በእንግድነት ያረፈች ኤታ ሃሪክ ሽናይደር የተባለች የሙዚቃ ሰው መጣች፤ ሶርጌ ከእሷም ጋር በአምባሳደሩ ጣራ ሥር ተወዳጀ። ሄልማ ይህን ስትመለከት ምን እንደተሰማት መገመት አይከብድም። አንድ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ እንግዳና ወዳጅ፤ ሁሉም ስለ ፍቅር ቅናቱ ሲጨነቅ ዋናውን ውሸት ያየ የለም።

ሃናኮ ኢሺ የምትባለውን ሴት ግን ከነዚህ ጋር መደባለቅ አልፈልግም። ጥቅምት 4 ቀን 1935 ሶርጌ አርባ ዓመት ሞላው። ልደቱን ለማክበር ጊንዛ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ያለ ራይንጎልድ የተባለ የጀርመን ቢራ ቤት ገባ። ሃናኮ እዚያ አስተናጋጅ ነበረች። የሙዚቃ ፍላጎት እንዳላት ሲሰማ ሸክላ ገዛላት፤ ፒያኖም አስተማራት። እየዋለ እያደረ እሱ ቤት መኖር ጀመረች። ሞስኮ ካትያ መኖሯን ሃናኮ አታውቅም፤ ቶኪዮ ሃናኮ መኖሯን ካትያ አታውቅም። ሁለቱም ስለ ሥራው አያውቁም። ይህን ያደረገው እነሱን ለመጠበቅ ነው ብለው የሚከራከሩለት አሉ። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። የማያውቅ ሰው ሲመረመር የሚናገረው የለም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ደግሞ የማያውቅ ሰው ምን ውስጥ እንደገባ የመምረጥ እድልም የለውም።

የመረቡ ሌሎች ሰዎች አራት ነበሩ ቢባል ይቀላል። ብራንኮ ቩኬሊች የዩጎዝላቪያ ሰው ሲሆን ሃቫስ ለሚባለው የፈረንሳይ ዜና ወኪል ይሠራል። ዮቶኩ ሚያጊ በኦኪናዋ ተወልዶ ካሊፎርኒያ ያደገ ሠዓሊ ነው። ማክስ ክላውዘን የሬዲዮ ሰው ነው። አራተኛው ኦዛኪ ነው። ክላውዘን ማሰራጫውን ራሱ ገጣጥሞ የሠራው፤ ለሽፋን የከፈተው ንግድ ደግሞ ቀንቶት ነበር። መልእክቱን የሚመሰጥሩበት ቁጥር የሚወጣው ከማንም መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ከማያስጠረጥር መጽሐፍ፣ ከጀርመን የስታቲስቲክስ ዓመት መጽሐፍ ነበር። የጃፓን ፖሊስ አንድ ያልታወቀ ሬዲዮ አየሩ ላይ እንዳለ ለዓመታት ያውቃል፤ መልእክቱን ይይዛል፤ ሊፈታው ግን አልቻለም፣ ቤቱንም አላገኘውም። በኋላ እንደታወቀው ደግሞ ክላውዘን ንግዱ ሲሰምርለት የኮሙኒስትነቱ ወኔ ቀዘቀዘና ሶርጌ የሚሰጠውን መልእክት ግማሹን ብቻ እየላከ ሌላውን ይጥለው ነበር። አታላዩም በራሱ ሰው ይታለል ነበር ማለት ነው!

ግንቦት 1938 ላይ ሁሉም ነገር ሊፈርስ ነበር። ሶርጌ ሌሊት ጠጥቶ ሞተር ሳይክሉን እያበረረ አሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ ከግንብ ጋር ተላተመ። ፊቱ ተበላሸ፣ ጥርሶቹ ረገፉ። ኪሱ ውስጥ ግን ለሞስኮ የሚላኩ ወረቀቶች ነበሩ። ሆስፒታል ተወስዶ ደሙ እየፈሰሰ፣ ሰመመን ሳይወስደው ራሱን ይዞ ክላውዘን እንዲጠራለት አደረገ። ክላውዘን መጣ፤ ሌላው ሰው ዘወር እንዲል ተደረገ፤ ወረቀቱ ከኪሱ ወጣ። ሶርጌ ራሱን የሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያገግም የኦት ቤተሰብ ነው ያስታመመው።

በዚያው ዓመት ሞስኮ ውስጥ አለቃው ቤርዚን በስታሊን ሰዎች ተረሽኗል። ከውጭ የተጠሩ ሰላዮች እየተመለሱ ይገደላሉ። ሶርጌም ተጠርቶ ነበር፤ ሥራው ላይ ነኝ እያለ ቀረ። ይህ ቅሬታ ሆኖ ተመዘገበበት። ካሁን ወዲያ እሱ የሚልከውን ሁሉ የሚያነብ ሰው ሰውየው ከዳ ይሆን እያለ ነው የሚያነበው።

ኦዛኪ ግን በዚህ መሐል ወደላይ ወጥቷል። የጠቅላይ ሚኒስትር ኮኖዬ አማካሪ ሆኖ ከሹማምንቱ ጋር ቁርስ ይበላል። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት በቶኪዮ ሁለት የቁርስ ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ የጀርመን አምባሳደር፣ አንዱ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሰዎች፤ በሁለቱም ላይ የሞስኮ ጆሮ ተቀምጧል። የኦዛኪ ሚስት ኤይኮ ትባላለች። ኤይኮና ትንሽ ልጃቸው አባወራው መጽሐፍ ጸሐፊና የመንግሥት አማካሪ መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቁም።

በ1941 ግንቦት መጨረሻ ሶርጌ ከኦትና በኤምባሲው ካለፉ የጀርመን መኮንኖች የሰማውን ላከ፤ ጀርመን በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ ሶቪየት ኅብረትን ልታጠቃ ነው። (ሰኔ 22ን ቁልጭ አድርጎ ጽፏል የሚባለው ቴሌግራም ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ፊልም ሠሪዎች ግን ቀኑን ይወዱታል።) ስታሊን አላመነም። ሰኔ 22 ጦርነቱ ሲጀመር ሶርጌ ኢምፔሪያል ሆቴል መጠጥ ቤት ገብቶ እስኪያቅተው ጠጣ፤ ሂትለርን እየሰደበ፣ ኤምባሲ ድረስ እየደወለ ጦርነቱ ከአሁኑ ተበላሽቷል አለ። የናዚ ጋዜጠኛ መስሎ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ጭምብሉ የወለቀው ያን ማታ ነው። የሚገርመው ጀርመኖቹ እንደ ስካር ቆጠሩለት። እሱን እንዲመረምር ከበርሊን የተላከው የጌስታፖ ሰው ማይዚንገርም የመጠጥ ጓደኛው ሆኖ አርፏል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጥያቄ አንድ ሆነ። ጃፓን ከምሥራቅ በኩል ሶቪየትን ትወጋለች ወይስ ወደ ደቡብ ትዘምታለች? ኦዛኪ ማንቹሪያ ድረስ ሄዶ የባቡሩን ዝግጅት አየ፤ ጦር የሚያንቀሳቅስ ዝግጅት አልነበረም። መስከረም አጋማሽ ላይ ሶርጌ ጃፓን በዚህ ዓመት ሶቪየትን እንደማትነካ ላከ። በዚያ መኸርና ክረምት ከምሥራቅ የተነሳ ሠራዊት ሞስኮን ለማዳን ደረሰ። ሠራዊቱ የተነሳው በሶርጌ መልእክት ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ሌሎች ምንጮችም ነበሩ፣ አንዳንዱ ክፍለ ጦርም ቀድሞ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ግን ያንን መልእክት የላከው ሰው ዋጋ ቢስ ነበር የሚል አላየሁም።

የወደቁት በትንሽ ነገር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ቶሞ ኪታባያሺ የምትባል፣ አሜሪካ የኖረች ልብስ ሰፊ ተያዘች፤ የሚያጊን ስም አነሳች። ጥቅምት ላይ ሠዓሊው ሚያጊ ተያዘ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በመስኮት ዘሎ ራሱን ሊገድል ሞከረ፤ ሳይሞት ቀረ። ከዚያ በኋላ ተናገረ። ኦዛኪ ጥቅምት 15 ተያዘ። ሶርጌ ሚያጊ ከቀጠሮ ሲቀር፣ ኦዛኪም ሲጠፋ ገብቶታል፤ ግን የትም አልሄደም። ጥቅምት 18 ቀን 1941 ማለዳ ፖሊሶች ቤቱ ሲደርሱ በሌሊት ልብሱ ነበር። ክላውዘንና ቩኬሊችም በዚያው ጠዋት ተያዙ። ሃናኮን ከዚያ በፊት ለደህንነቷ ብሎ ወደ እናቷ ልኳት ነበር።

ኦት አላመነም። የጃፓን ፖሊስ ስህተት ሠርቷል ብሎ ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ ሱጋሞ እስር ቤት ድረስ ሄዶ አየው። ያ ንግግር አጭር ነበር ይባላል። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ተውኔት የሚሆነው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ክፍል፣ ዙሪያውን ፖሊስ። ስምንት ዓመት አብረው ቁርስ በልተዋል። አንደኛው አሁን ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ይረዳል፤ ሪፖርቱን፣ ሚስቱን፣ ሥራውን። ምን ይባላል? ኦት ከአምባሳደርነቱ ተነስቶ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቻይና ተቀመጠ።

ሶርጌ እስር ቤት ሆኖ ረጅም የእምነት ቃል ጻፈ። ሶቪየት ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ስላልነበረች ይለውጡኛል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ጃፓኖች ሞስኮን ጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም የሚል መልስ እንዳገኙ በሰፊው ይነገራል። መስከረም 1943 ሞት ተፈረደበት። ኅዳር 7 ቀን 1944፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ኦዛኪ ቀድሞ፣ ሶርጌ ተከትሎ ተሰቀሉ። ቀኑ የሩሲያ አብዮት በዓል ነበር። ሚያጊ ከዚያ በፊት በ1943 እስር ቤት ሞቷል፤ ቩኬሊች በጥር 1945 በረዶው በማይለቀው የሰሜን እስር ቤት ሞተ። ክላውዘንና ሚስቱ አና ተርፈው ምሥራቅ ጀርመን ኖሩ።

ካትያስ? ካትያ ይህን ሁሉ አላየችም። መስከረም 1942 ባሏ ቶኪዮ ታስሮ ሳለ እሷን ሞስኮ ላይ የሶቪየት ፖሊስ ያዛት። ክሱ ለጀርመን ሰልላለች የሚል ነው። ሳይቤሪያ፣ ክራስኖያርስክ አካባቢ ተጋዘች፤ በ1943 በጋ እዚያው ሞተች። ባሏ ለሶቪየት ሲሰልል ጃፓን ያዘችው፤ እሷ ምንም ሳትሰልል ሶቪየት ገደለቻት። እሱ ይህን ሳያውቅ ነው የተሰቀለው። እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ሰው ጀግንነት በሚጻፈው ሁሉ የእሷ ነገር በአንድ መስመር መታለፉ ያናድደኛል።

የኦዛኪ ሚስት ኤይኮ ባሏ ማን እንደነበር ያወቀችው ከተያዘ በኋላ ነው። ከእስር ቤት ለእሷና ለልጁ ይጽፍ የነበረው ደብዳቤ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በመጽሐፍ ታትሞ ጃፓን ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው አነበበው። በነጻነት እያለ ሊነግራት ያልቻለውን ታስሮ ጻፈላት ማለት ነው።

ሶቪየት ኅብረት ለሃያ ዓመት ሶርጌን አላነሳችም። ያነሳሳው ፊልም ነው ይባላል። ኢቭ ሲያምፒ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ጃፓናዊቷን ተዋናይት ኬይኮ ኪሺን ያገባ ዳይሬክተር፣ በ1961 ስለ ሶርጌ ፊልም ሠራ፤ ሚስቱም ተውናበታለች። ፊልሙን ክሩሽቼቭ አይቶ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ ብሎ እንደጠየቀ ይተረካል። እውነት ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ኒሻኑ ሲደርስ ክሩሽቼቭ ራሱ ከሥልጣን ወርዷል። ኅዳር 1964 ሶርጌ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባለ፤ በማግሥቱ ዓመት ምስሉ በቴምብር ላይ ወጣ። ካትያም በ1964 ከክሱ ነጻ ተባለች።

ሃናኮ ግን ማንንም አልጠበቀችም። ከጦርነቱ በኋላ ሶርጌ ባለቤት የሌላቸው ሬሳዎች በሚቀበሩበት ዞሺጋያ በሚባል መቃብር እንደተጣለ ሰማች። እየተመላለሰች ጠይቃ በ1949 አስቆፈረችው። ያወቀችው በተሰበሩት እግሮቹ አጥንትና በሞተር ሳይክሉ አደጋ ምክንያት ባስተከላቸው የወርቅ ጥርሶች ነው። አጽሙን አስቃጥላ ታማ በሚባለው መቃብር ቀበረችው። ከጥርሱ ወርቅ ለራሷ ቀለበት አሠራች። ስለ እሱ መጽሐፍ ጻፈች፤ መቃብሩን እየጎበኘች ኖረች። ሞስኮ ሌላ ሚስት እንደነበረው በዚያን ጊዜ ታውቃለች። በ2000 ስትሞት ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የሺኖዳ ፊልም ከሦስት ዓመት በኋላ ወጣ።